የአንጓች የቁም ተዝካር

አንጓች መሞቷን የሰማችው ጌሾ ስትወቅጥ ነው። የመስቀል ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት።

ወሬውን ያመጣው ምናሴ ነው። ምናሴ የሰንበሌጥ ሜዳን ስንዴ የሚያለማው ድርጅት የጥንቃቄ ኃላፊ ነው፤ ነጭ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጭምብሉን አገጩ ሥር አውርዶ በራፏ ላይ ቆመ። እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው። የእናቱ ጡት ሲደርቅ ያደገው በአንጓች ላም ወተት ነው፤ ያኔ ላም በሜዳው ላይ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ነገሩን በድምጽ ማጉያ ከማስነገር ራሴ ብነግራት ይሻላል ብሎ ስንዴውን በእግሩ አቋርጦ መጣ።

«እትዬ አንጓች፣ እንዳትቆጪ ብቻ።»

«ሳትነግረኝ በምን ልቆጣ? ተናገራ!»

«ሞተሻል ይላል።»

ዘነዘናው አየር ላይ ቀረ። «ማነው የሚለው?»

«ሲስተሙ።»

«መቼ ነው የሞትኩት?»

«ቀኑን አላየሁም። አይቼ እነግርሻለሁ።»

«እየው እንጂ። ሰው የሞተበትን ቀን ሳያውቅ እንዴት ይኖራል?» አለችና መውቀጧን ቀጠለች። «ደግሞ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም። እናትህ ይህን ሳታስተምርህ ነው ያለፈችው?»

ምናሴ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ዋናውን ነገር ገና አልተናገረም።

በሰንበሌጥ ሜዳ ሰው ማለት አምባር ያሰረ ነው። ጥቁር የጎማ አምባር፤ ግራ እጅ ላይ ይታሰራል፣ የገላን ሙቀት እየሰማ ባለቤቱ የት እንዳለ ለሲስተሙ ይናገራል። መድኃኒት የሚረጩትን በራሪ ማሽኖች ሕዝቡ ጢንዚዛ ይላቸዋል። ጢንዚዛዎቹ አምባር ካዩ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ሰው ባለበት አይረጭም፤ ይህ ሕግ አንድም ቀን ተጥሶ አያውቅም። እንዳይጣስ ተብሎ ነው ሰዉ ሁሉ ከሜዳው ተነሥቶ ኮረብታው ላይ፣ ነጭ ሰፈር እንዲገባ የተደረገው።

ነጭ ሰፈር ሰኞ ሰኞ በሮቹ ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ ሰኞ የርጭት ቀን ነው። በሌላው ቀን በሩ እንዲከፈት የሚወጣው ሰው አፉን አስጠግቶ «ሰምቻለሁ፤ ተረድቻለሁ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ማለት አለበት። ልጆች ይህን ቃል ከአባታችን ሆይ ቀድመው ይለምዱታል። ቀድሞ በሩ የሚከፈተው በአውራ ጣት ነበር፤ የሰዉ ጣት እየተላጠ መስመሩ ሲጠፋ ነው በድምጽ የተደረገው። ቱታ ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብም። በቱታ ሕፃን አይታቀፍም። ሜዳ ላይ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ፊት አይታሽም። ከርጭት በኋላ የሁሉም ዓይን ያነባል፤ ስለዚህ ለቅሶ ቤት ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ መለየት ከቀረ ቆይቷል።

አንጓች አልተነሣችም። ቤቷ ሜዳው መሃል፣ ከእንኮይ ምንጭ ራስጌ ነው። አምባሩን ሲሰጧት በትሕትና እጅ ነሥታ ተቀበለች፤ ቤቷ ገብታ ግን ለውሻዋ አንገት አሰረችው። አንበሶ ይባል ነበር ውሻው። ከዚያ ወዲህ በሲስተሙ ዓይን አንጓች ማለት አንበሶ ሆነ። ጥንቸል ሲያሳድድ እሷ ሮጠች ተብሎ ተጻፈ፤ እንዲያውም አንድ ዓመት በእንቅስቃሴ ከሰፈሩ ሴቶች አንደኛ ወጥታ ድምጽ ማጉያው ስሟን ጠርቶ አመስግኗታል። እንኮይ ምንጭም ካርታው ላይ የቆየው አንበሶ ቀን በቀን እየወረደ ስለሚጠጣ ነው። ሰው የሚጠጣው ውሃ አጠገብ አይረጭምና።

ጳጉሜ ላይ አንበሶ አርጅቶ ሞተ። ከነአምባሩ ቀበረችው።

ምናሴ ይህን አያውቅም። ለእሷ ግን ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ምንጩ ከካርታው ይወጣል» አለ ምናሴ በመጨረሻ። «የሚጠቀምበት ሰው የለም ተብሏል። የሚመጣው ሰኞ ይለፍና በቀጣዩ ሰኞ እስከ ውሃው ከንፈር ድረስ ይረጫል።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ሞተሻል።»

«አዲስ አምባር ስጠኛ።»

«ከዘንድሮ ጀምሮ አምባር የሚሰጠው ነጭ ሰፈር ቤት ለተረከበ ብቻ ነው። ነይ ግቢ፤ ጓዝሽን እኔ ራሴ እሸከምልሻለሁ።»

«እኔ ነጭ ሰፈር ከገባሁ ምንጩን ማን ይጠጣዋል?»

«ማንም።»

«ስለዚህ ይረጫል።»

«ይረጫል» አለ ምናሴ፣ ዓይኑን ሙቀጫው ላይ ጥሎ።

«ብሞትም ይረጫል፣ ብድንም ይረጫል። እንግዲያው መሞቱ ይሻለኛል። ለሞተ ሰው ቢያንስ ይደገስለታል።»

አንጓች የመድኃኒቱ ጠላት አይደለችም። ልጅ ሳለች ዋግ የገባበትን ዓመት አይታለች። ስንዴው ላይ ቀይ አቧራ ወረደ፤ በእርሻ መሃል ያለፈ ሰው ቀሚሱ ዝገት የነካው ይመስል ነበር። አዝመራው ቆሞ እያለ ባዶ ሆነ። አባቷ ዛላውን በመዳፉ አሽቶ እፍ ሲል ምንም ነገር አልቀረም፣ ሁሉም በነነ። መድኃኒቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እውነት ለመናገር አዳናቸው። ያኔ በዓመት አንድ ጊዜ ነበር የሚረጨው። ከዚያ ዋጉ ለመደውና ሁለት ጊዜ ሆነ። ከዚያ በወር። አሁን ሳምንት በመጣ ቁጥር ነው፤ ዋጉ ግን አሁንም አለ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤት የሆነው መድኃኒቱ ነው።

ባሏ ጌጡ በጀርባቸው እያዘሉ ይረጩ ከነበሩት የመጨረሻው ነው። መድኃኒቱን በባልዲ ሲበጠብጥ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ ነበር የሚያማስለው። ጓንት አድርግ ስትለው «ለስንዴ መድኃኒት የሆነ ነገር ለኔ ምን ይሆነኛል? እኔ ከስንዴ አንሳለሁ?» ይላታል። የመድኃኒቱ ጀሪካን ላይ ለማያነብ ሰው ተብሎ የተሣለ ሥዕል ነበረ፤ ጓንት፣ ጫማ፣ ውሃ የሚወርድበት እጅ። ከታች ደግሞ ሆዱን ወደ ላይ ያደረገ ዓሣ። ጌጡ የጓንቱን ሥዕል ናቀ፣ የዓሣውን ግን አከበረ። እንኮይ ምንጭ አጠገብ ሲደርስ ቧንቧውን ዘግቶ ዞሮ ይሄድ ነበር። «ዓሣው አይቶኛል» ይላል እየሳቀ። መጀመሪያ እጁ ቆሰለ፣ ቀጥሎ ጉበቱ ነው ተባለ፤ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሌላ የነገራት ሐኪም የለም። ከሱ የቀራት ነገር ይህ ልማድ ነው፤ እዚህ ጋ ሲደረስ ይዘጋል፣ ይዞራል።

ነጭ ሰፈር ውሃ የሚጠጣው ከቦቴ ነው። የሚቀዳው ከሜዳው ግርጌ ካለው ኩሬ ነው፤ ይጣራል፣ መልኩም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ጠላ አይፈላበትም። መድኃኒቱ የተሠራው ሻጋታ ለመግደል ነው፤ ጠላን የሚያፈላውም የሻጋታ ዘመድ ነውና መድኃኒቱ ዘመድ ከዘመድ አይለይም። ሴቶቹ ብቅሉን ቢለውጡ፣ ጌሾውን ቢጨምሩ፣ ጋኑን ደጋግመው በወይራ ቢያጥኑ ድፍድፉ እንደ ሬሳ ዝም ብሎ ይተኛል። ብዙዎቹ ትተውት ከድርጅቱ መደብር በላስቲክ የታሸገ ይገዛሉ፤ ቢጫ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ጠላ ግን አይደለም። በሜዳው ሁሉ ጋኑ የሚንተከተከው አንጓች ቤት ብቻ ነው። ከውሃው ነው። ውሃው ከተረጨ እሱም ያልቃል፤ እንቁራሪቶቹም ያልቃሉ።

እሑድ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አንጓች ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ቆማ ሰዉን ጠበቀች። በነጠላ፣ ያለ ቱታ። ሰዎች ሲያዩዋት ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ፤ ልብሷ ሜዳውን አቋርጦ ነው የመጣው። የባሏ እህት የዝና ግን ፈቀቅ አላለችም።

«ደግሞ ምን ሆነሽ መጣሽ አንቺ? ፊትሽ ነገር ነገር ይላል» አለቻት።

«የዛሬ ሳምንት ማግስት፣ ሰኞ፣ ተዝካሬ ነው። እንኮይ ምንጭ ዳር ዳስ ጥዬ እጠብቃችኋለሁ።»

«የማን ተዝካር?»

«የኔ። ሞቻለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። የዝና ግን አልሳቀችም፤ የወንድሟን ሚስት ታውቃታለች። አንጓች ምናሴ ያላትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የውሻውንም ነገር ሳትደብቅ። ስለ አንበሶ ስትናገር ሳቁ ተመለሰና አንድ ሽማግሌ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ያን ዓመት ሚስቴን አንጓችን እያት፣ እንደሷ ሩጪ እያልኩ ስጨቀጭቃት ነበርኮ!» አሉ።

ምንጩ ይረጫል ስትል ሳቁ ቆመ።

አባ ልሳነወርቅ፣ የደብሩ ቄስ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ ቀረብ አሉ። «የቁም ተዝካር ድሮ ነበረ። ልጅ የሌለው ሰው፣ ‹ስሞት ማን ይደግስልኛል› ብሎ ቆሞ ሳለ ይደግሳል። አያቴ የአንድ ሰው ፈትተዋል፤ ሰውየው ፍትሐቱን ሰምቶ ሲያበቃ ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ተቆጣ አሉ። ሥርዓቱ አለ፤ የለም አልልም። ግን ልጄ፣ ምነው በሰኞ? በርጭት ቀን?»

«ሞት ቀን ይመርጣል እንዴ አባ?»

«ሰኞ ሜዳ ላይ የተገኘ ሰው ቤት የወር ውሃው ይቀነሳል» አለች የዝና ቀስ ብላ። «ልጄ አራስ ናት፣ አንጓች። ታውቂያለሽ።»

«ውሃ ይቀንሱብሻል፤ እኔ ደግሞ የምጠራሽ ውሃ ወዳለበት ነው። ሌላ የምልሽ የለኝም።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከእናንተ ውስጥ ለቅሶውን የቀረሁበት ሰው አለ? በዝናብ ቀረሁ? በጭቃ ቀረሁ? ካለ ይናገርና እሱ ይቅር።»

እሺ ያለ የለም። እምቢ ያለም የለም። ሰዉ መሬት መሬት እያየ ተበተነ። አባ ልሳነወርቅ ብቻ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲዘጉ፣ ለማንም ሳይሆን ለበሩ የሚናገሩ ይመስል «ይህ በር የእንጨት ነው፤ እኔ ካልዘጋሁት ራሱን አይዘጋም። ሰኞም ኪዳን ይደርሳል» አሉ።

አንጓች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጥንስሷ ከረቡዕ ጀምሮ ሥራውን ይዟል። አሻሮዋን ቆላች፣ ደፈደፈች፣ ጋኑን አጠነች። ሲደርስ ከምንጩ እየቀዳች ሞላችው። ማታ ማታ ጆሮዋን ጋኑ ሆድ ላይ ትለጥፋለች፤ ውስጡ ይንሾካሾካል። በማግስቱ ሰኞ ጢንዚዛዎቹ እንደ ወትሮው ምንጩን ዞረው ሄዱ። ከአምስት ሌሊት በኋላ ባሕር ዛፍ ቆርጣ ለዳሱ ምሰሶ ተከለች፣ ባዶ የእህል ጆንያ ሰፍታ ጣራ አለበሰችው። ብቻዋን ስለሠራችው ወደ አንድ ጎኑ ዘምሟል። ከምንጩ በታች፣ ውሃው ከሚወርድበት ራቅ አድርጋ ጎድጓድ ቆፈረች፤ አጠገቡ ባልዲና ሳሙና አስቀመጠች። እንግዳ ከመጣ ቱታውን አውልቆ እጁን የሚታጠብበት ነው። ከጌጡ ወዲህ እጅ መታጠብን የምትንቅ ሴት አይደለችም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ጠላውን በእንስራ እያመላለሰች ዳሱ ሥር ሌላ ጋን ሞላች። ነጋ። ማንም የለም። ኮረብታው ላይ የነጭ ሰፈር ጣራዎች አበሩ። የበሮቹ መዘጋት ድምጽ ሜዳው ድረስ ይሰማል፤ በተርታ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እንደሚቆጠር ነገር።

ከዚያ ድምጽ ማጉያዎቹ ተከፈቱ። የሴት ድምጽ ነው፣ ለስላሳ፤ ሕዝቡ እመት ጥንቃቄ ይላታል። «እንደምን አደራችሁ የሰንበሌጥ ሜዳ ነዋሪዎች። ርጭት ሊጀመር ነው። በራችሁ ተዘግቷል። ሕፃናትን አቅፋችሁ ከመስኮት ራቁ። ሜዳው ላይ ሰው የለም።»

«አለ!» አለች አንጓች።

«ሜዳው ላይ ሰው የለም» አለች እመት ጥንቃቄ ደግማ። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የምትለው።

ጢንዚዛዎቹ ከምሥራቅ መጡ። ከታች ሆነው ሲያዩዋቸው ሆዳቸው ነጭ ነው፤ ከሥራቸው የሚወርደው ጉም ከስንዴው ጫፍ ጋር እኩል ይሄዳል። አንጓች ከዚህ በፊት በሰኞ በሯን ዘግታ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፋ ነበር የምትውለው። ዛሬ ጋቢዋን ጋኑ አፍ ላይ አለበሰችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ምንጩ ፊት ቆመች። የመጀመሪያው ጢንዚዛ ቀድሞ የሚዞርበት ቦታ ደረሰ። አልዞረም። ሽታው ቀደመው፤ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ፣ ትንሽ እንደ ጣፋጭ ነገርም። ዓይኗ ተቆጣ። አጥሯ ሥር ያለው ሣር ረጠበ።

«እኔ ነኝ! አንጓች ነኝ! ዓሣውን እይ!» እያለች ጮኸች፤ ለምን ዓሣውን እንዳለች እሷም አታውቅም። ጢንዚዛው ዓሣም አያይ፣ እሷንም አያይ። ወደፊት መጣ።

«ሜዳው ላይ ሰው...» አለች እመት ጥንቃቄ፤ ቆመችም። በዚያ ድምጽ ውስጥ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም። «ሜዳው ላይ አንድ ሰው አለ።»

ጢንዚዛው ቀጥ አለ። ጉሙ ተቋረጠ። ጠብታ ብቻ ከሆዱ ይንጠባጠባል።

«ሜዳው ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። ሜዳው ላይ አሥር...» ድምጿ አልተለወጠም፤ የምትጠራው ቁጥር ብቻ ይጨምራል። አንጓች ዞረች። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ በስንዴው መሃል ባለው ቀጭን መንገድ፣ አባ ልሳነወርቅ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ይመጣሉ። ከኋላቸው ነጫጭ ቱታ ተሰልፏል። ሌሊቱን በሩ ሳይዘጋ ወጥተው ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ገብተው ነበር፤ የእንጨቱ በር አላገዳቸውም። የዝና ሁለተኛ ናት፤ ጭምብሏ ውስጥ ሆና ትጮሃለች።

«አንቺ ሙት! ዳስሽ ዘሟል! ሰው እንዲህ ያለ ዳስ ውስጥ ይፈታል?»

«ብቻዬን ነው የተከልኩት! ሙት አያግዝ!»

አንድ በአንድ ጎድጓዱ ጋ ቱታቸውን አወለቁ፣ በሳሙና ታጠቡ፣ በየራሳቸው ልብስ ዳሱ ሥር ገቡ። አንዳንዶቹ የጎረቤታቸውን ልብስ ቀለም ካዩ ዓመት አልፏቸዋል። እኚያ ባለ ከዘራ ሽማግሌ የአንበሶ መቃብር የት እንደሆነ ጠይቀው ሄደው አዩና ተመለሱ። ጢንዚዛዎቹ ከዳሱ ዙሪያ በአየር ላይ ቆመዋል፤ እንደ ዝንብ ያነበንባሉ።

አባ ልሳነወርቅ ፍትሐቱን ጀመሩ። ስሟን በጠሩ ጊዜ ሴቶቹ የሚያለቅሱ አይመስሉም ነበር፤ ግን አለቀሱ። ዓይናቸውን የነካ መድኃኒት አልነበረም፤ አሁን ገና ለዩት። «ነፍሷን ይማርልን» አሉ ቄሱ።

«አሜን!» አለች አንጓች ከሁሉም ቀድማ።

ምናሴ የደረሰው ያኔ ነው። መኪናውን መንገድ ዳር ትቶ እየሮጠ። ጭምብሉን እንኳ አላወረደም።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? አባ! እርስዎም? ተነሡ፣ ተነሡ! ነፋሱ ሳይነሣ መረጨት አለበት!»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ነፋስ ከተነሣ መድኃኒቱ ወዳልታሰበበት ስለሚሄድ አይረጭም፤ ጢንዚዛዎቹ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ምናሴ ራሱ ከአፉ ሲያወጣው ሰዉ ተረጋግቶ ተቀመጠ።

«ፍትሐቱ አላለቀም» አሉ አባ ልሳነወርቅ። «ገና ጸበሉ አለ፤ ምሳሌም ልናገር አስቤያለሁ። ረጅም ነው።»

«ውሃ ይቀነስባችኋል! የሁላችሁም! እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው፤ እኔ ልመልሰው አልችልም።»

«ይቀንስ» አለች የዝና። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ አራሷን አስባ ነው። ወዲያው ግን ጠጠር አለ። «ይቀንስና ከዚህ እቀዳለሁ። ምናሴ፣ አንተ የማን ወተት ነው ያሳደገህ? ላሚቱ ከየት ነበር የምትጠጣው? ከቦቴ?»

ሰዉ ሳቀ። ምናሴ ጭምብሉ ውስጥ ምን እንደሆነ አልታየም። ወደ ጢንዚዛዎቹ ቀና አለ፣ ወደ ሰዓቱ አየ፣ ወደ ኮረብታው አየ። ከዚያ ወደ አንጓች ቀረብ ብሎ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እኔን ያባርሩኛል።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች አንጓች፤ ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ። «አንተን የሚያባርሩህ ሰዎች ይህን ውሃ አያውቁትም። አንተ ግን ታውቀዋለህ። እሺ ካልክ እዚህ ጋ ሲደረስ ይዘጋል፣ ይዞራል፤ ሌላ የለመንኩህ ነገር የለም። ስንዴህን እርጭ። ዋጉን አውቀዋለሁ፤ ሲበላ አይቻለሁ። ይህችን ዳር ብቻ ተውልኝ። እምቢ ካልክ ደግሞ ተቀመጥ፤ የሞተ ሰው ቤት ቆሞ አይወራም።»

ምናሴ ቆመ። ከዚያ መጀመሪያ የዳሱ ጆንያ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ስንዴው ከምዕራብ በኩል ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። እመት ጥንቃቄ «ነፋስ ተነሥቷል፤ ርጭቱ ተላልፏል» አለች፣ ሁለት ጊዜ። ጢንዚዛዎቹ ሆዳቸውን አዙረው በመጡበት ተመለሱ። የሚያነበንበው ድምጽ ሲርቅ፣ ከምንጩ ሥር አንዲት እንቁራሪት ጉሮሮዋን ሞከረች።

እልልታውን ማን እንደጀመረው አልታወቀም። አንጓች ጋቢውን ከጋኑ ላይ ገፈፈች። ጠላው ጥቁር ነው፣ አረፋው ከአፉ ሊወጣ ደርሷል። በጣሳ እየቀዳች አዞረች። ከዘራ ያላቸው ሽማግሌ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ጣሳውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ። «ይኼ ይናከሳል» አሉ።

የመጨረሻውን ጣሳ ለምናሴ ይዛ ሄደች። «ሜዳ ላይ አይጠጣም» አለ፣ ከልማድ።

«እጅህን ታጠብና ጠጣ። ሳሙናው እዚያ ነው።»

ሄዶ ጭምብሉንና ጓንቱን አወለቀ፣ ቱታውን አወለቀ፣ እስከ ክርኑ ታጠበ። ተመልሶ ተቀበላትና ጠጣ። ከንፈሩን ጠረገ።

«ቀኑን አየሁልሽ» አለ። «የሞትሽበትን። ጳጉሜ ሦስት ነው። ከምንጩ ዳር፣ ድንገት። ከዚያ በፊት ጤናሽ በጣም ጥሩ ነበር ይላል።»

«ምስኪን አንበሶ» አለች አንጓች በሆዷ። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ መስከረምን አለፈች፣ ቆመች፣ እንደገና ቆጠረች። ፊቷ በራ። «አባ! አርባዬ መቼ ይውላል? የሚመጣው ሰኞ አይደለም?»

አባ ልሳነወርቅ እሳቸውም ቆጠሩ። «ልክ ነሽ። ሰኞ ነው።»

«እንግዲያ ሰኞ አርባዬ ነው፤ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ኅዳር ላይ ሰማንያዬ አለ። መንፈቄ አለ። ሙት ዓመቴ አለ። እኔ የደገስኩትን የማልጨርስ ሴት አይደለሁም።»

ምናሴ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጡ እያየ ነበር። «በመሃሉስ?» አለ። ማስፈራሪያ ይሁን ጥያቄ አልታወቀም። «በመሃሉ ያሉት ሰኞዎችስ?»

በመሃሉ ብዙ ሰኞ አለ። አንጓችም አላሰበችውም ነበር።

የዝና ተነሣች። ግራ እጇን ዘረጋችና የአምባሩን መቆለፊያ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። አምባሩ ሥር ያለው ቆዳ ነጭ ነው፣ ፀሐይ ካየ የቆየ። አምባሩን ጋኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«በመሃሉ ባለው ሰኞ እኔ እሞታለሁ፤ ተዝካሬንም እዚሁ ምንጩ ዳር ትበላላችሁ» አለች።

«አንቺም?» አለ ምናሴ። «እትዬ የዝና፣ እንዲህ ዝም ብሎ አይሞትምኮ። ሥርዓት አለው።»

«ለመሞትም ቢሮ ላስፈቅድ ነው እንዴ?»

ከኋላ አንድ ሰው «ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሰኞ የኔ ነው!» አለ፤ ሌላው «ሚስቴ ትቅደም፣ ጠላ የምታውቀው እሷ ናት» አለ። ተራ የያዙት ሰዎች መቆለፊያዎች ጠቅ ጠቅ ይሉ ጀመር፤ ጠዋት በሮቹ ሲዘጉ እንደተሰማው ያለ ድምጽ።

አንጓች የዝናን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ አዲስ ምራት የምትመርጥ ይመስል።

«መሞቱንስ ሙች» አለቻት። «ጌሾ አለሽ?»